የአባ ሞላን ቃል የወሰድኩበት ጉዞ

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ተሳፋሪ ሲሆን አገሩ ሁሉ ሌላ ይሆንበታል። በመሪው ዘመን የማውቀው ኩርባና ጉድጓድ ብቻ ነበር፤ አሁን ዛፍ አለ፣ ጉም አለ፣ አጥር ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት አለች። እጄ ሥራ ፈቶ ጭኔ ላይ ይቀመጣል፤ ቀኝ እግሬ ግን ቁልቁለት በመጣ ቁጥር የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ "ምን ሆነው ነው?" ይለኛል። "ልማድ ነው" እላለሁ።

ይህን የምጽፈው ለእናንተ ለማኅበር ጓደኞቼ ነው። ስመለስ "በላይነህ፣ ዋግ ድረስ ምን ወሰደህ? ማር ነው?" ብላችሁ ስትስቁብኝ ዝም አልኳችሁ። ማሩንማ አምጥቻለሁ፤ በልታችሁታል። የቀረውን እነሆ። መቼም ያን አገር አትሄዱበትም፤ ጦሳ ተራራን ለመውጣት እንኳ ደሴ ላይ ሆናችሁ ምክንያት የምትፈልጉ ሰዎች ናችሁ። ባለቤቴ አስካለ ከእናንተ በፊት አንብባዋለች፤ እንዲያ መሆን ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና እህል ጭኜ ከሰቆጣ ወደ አምደወርቅ ስሄድ፣ ጭነቱ ላይ የተሳፈረ ኪሮስ የሚባል ጎልማሳ ወድቆ ሞተ። የመንገዱ ጠርዝ ተደርምሶ ነበር። ፖሊስ አየው፣ ዳኛ ሰማው፣ እኔም "መንገዱ ነው" ብዬ በነፃ ወጣሁ። ሰው ሁሉ "የእግዜር ሥራ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው" አለኝ። ደግ ቃል ነው፤ እንደ ጋቢ ይሞቃል። አሥር ዓመት ለበስኩት። እውነቱ ግን፣ መኪናዋ ወደ ጠርዙ የሄደችው እኔ ተኝቼ ስለነበረ ነው። ይህን ለአስካለ እንኳ አልነገርኳትም ነበር። ሌላም ነገር አለ፤ እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ የሰቆጣ ነጋዴ ደሴ ያለው የመኪና መለዋወጫ ሱቄ መጥቶ የተጣጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። የሹፌር ስም አይጠፋም፤ ጠይቆ ጠይቆ ነው ያገኘኝ። የኪሮስ አባት፣ አባ ሞላ፣ በነፍስ አባታቸው እጅ ያጻፉት ነበር። "ሳልሞት ልቆርብ እፈልጋለሁ። የነፍስ አባቴ 'ቂም ይዘህ አትቆርብም' አለኝ። ቂሜ አንተ ነህ። ለመኪናው አልተቀየምኩም፤ ለቅሶ ስላልመጣህ ነው። ና፣ እንታረቅና ልቁረብ።" በኔ ምክንያት አንድ ሽማግሌ አሥር ዓመት ሙሉ ከሥጋ ወደሙ ፊት ሲመለስ ኖሯል ማለት ነው። ያን ቀን አንዲት ካንዴላ እንኳ በቅጡ መሸጥ አቃተኝ።

ማክሰኞ

አስካለ በሶ ቋጥራ "የትኛው ዘመድህ ነው ሰቆጣ ያለው?" አለችኝ። "የሩቅ" አልኳት። ሠላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ሴት ናት፤ ዓይኔን አይታ አንድ ሹራብ ጨመረችልኝ።

ከደሴ ስንወጣ ጉሙ ከመንገዱ ላይ አልተነሣም ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ሃምሳ ሰው ሲንጎላጅ የኔ ዓይን ብቻ ፍጥጥ አለ። ከዚያ ወዲህ በሚሄድ መኪና ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ አልጋ ላይም ቢሆን እንደ ሌባ ተደብቆ መጥቶ፣ እንደ ሌባ ነው የሚሄድብኝ። ሐይቅን ስናልፍ ውኃው ከጉሙ ሥር ለአፍታ ታየና ጠፋ። አይቼው ይሁን አልሜው እንጃ። አለመተኛት ሲበዛ ቀኑ ራሱ ሕልም ሕልም ይላል።

ወልድያ ሽሮ በላን። ቆቦ ላይ ሙቀቱ ሲያይል መስኮት ብከፍት ነፋስ ባርኔጣዬን ይዟት ሄደ። አንድ በሬ የሚነዳ ገበሬ አንሥቶ ራሱ ላይ ሲደፋት በኋላው መስኮት አየሁት። አማረችበት። እኔ ላይ እንዲያ ተቀምጣ አታውቅም።

የግራ ካሱን ጠመዝማዛ አውቶቡሱ እያቃሰተ ሲወጣ ደግሞ እግሬ ፍሬን መርገጡን ትቶ ነዳጅ መስጠት ጀመረ። አጠገቤ ያሉት መነኩሲት እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው "ተወው ልጄ፣ እሱ ያደርሰናል" አሉኝ። ሹፌሩን ይሁን እግዜርን አልለዩልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ኮረም አመሻሽ ላይ ገባን። ብርዱ የደሴን ብርድ ያስመሰግናል። ባለ አልጋዋን ሁለተኛ ብርድ ልብስ ብጠይቃት የራሷን አምጥታ "እኔ ከእህቴ ጋር እተኛለሁ" አለችኝ። ደሴ ቢሆን መልሱ "የለም" ነበር።

ረቡዕ

ወደ ሰቆጣ፣ ከዚያም ወደ አምደወርቅ የሚሄድ አይሱዙ ተገኘ፤ ጋቢና ሰጡኝ። ሹፌሩ ሀብታሙ ይባላል፤ ቢበዛ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ፀጉሩን አጎፍሯል። ከፊት መስታወቱ በላይ በቀይ ቀለም "ጠባቂዬ እግዚአብሔር ነው" ብሎ አስጽፏል። የኔዋም ኤንትሬ ላይ ይኸው ቃል ነበር፤ በቢጫ።

ከኮረም ወደ ምዕራብ መሬቱ እየተራቆተ ይሄዳል። ተራራ ከተራራ ጀርባ፣ ግራጫው ወደ ሰማያዊ እየቀለጠ፣ የመጨረሻው ተራራ ይሁን ደመና አይለይም። የኛ ተራራ አረንጓዴ ነው፤ ይመጣብሃል፣ ይጫንሃል። ይህኛው ይሸሻል፤ በቀረብከው ቁጥር ወደኋላ ይላል። እኔም ወደዚያ እየሄድኩ ሳይሆን እዚያ የቀረ ነገር ወደ ውስጡ እየሳበኝ ይመስለኝ ነበር።

እኩለ ቀን ላይ የኋላ ጎማ ተነፈሰ። መኪና ማንሻው ክሪክ ደግሞ አይሠራም። "ሀብታሙ፣ የማይሠራ ክሪክ ለምን ትይዛለህ?" ብለው "ፋዘር፣ ለመልክ ነው" አለኝ። እኔ ስቆጣ፣ እሱ ሲስቅ፣ ከእርሻው አምስት ሰዎች መጡ። እርስ በርሳቸው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ተነጋገሩ፣ ለኛ በአማርኛ "እንደምን ዋላችሁ" አሉን፤ ከዚያ ግንድ አምጥተው መኪናውን ብድግ አደረጉት። እጅጌዬን ሰብስቤ ጎማውን ቀየርኩ። አንደኛው ጠላ በቅል አመጣልኝ። "ረቡዕ ነው፣ ሰዓቱም አልደረሰ" ብል "መንገደኛ ነህ፤ ጾሙን እኛ እንይዝልሃለን" ብሎ አሳቀኝ።

"ፋዘር፣ ሹፌር ነበሩ እንዴ?" አለኝ ሀብታሙ ስንነሣ።

"ነበርኩ።"

"ለምን ተዉት?"

"ዓይኔን አሞኝ" አልኩት። ውሸት ነው። ዓይኔ ደኅና ነው፤ የከዳኝ ሽፋኑ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሀብታሙ ደጋግሞ አዛጋ። አየሁት። ዝም አልኩ። ምን ልበለው? በየትኛው አፌ?

ሰቆጣ ስንገባ የድንጋይ ቤቶቹ ላይ የመጨረሻዋ ፀሐይ ነበረች። ከመኪናው ስወርድ የቀኝ ጫማዬ ሶል ቦጭ ብሎ ቀረ። አልጋ የያዝኩባቸው ወይዘሮ ዝማም እያነከስኩ ስገባ አይተው ከት ብለው ሳቁና የሟች ባላቸውን የጎማ በረባሶ ከጓዳ አወጡልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በጎማ ላይ ስሄድ ኖሬ በስተርጅና ጎማ ተጫማሁ። እንደ ልኬ የተሠራ ይመስል ነበር። ወዴት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ፣ የማላውቃቸው ሴት ስለሆኑ ነው መሰለኝ፣ "ለዕርቅ" ብዬ እውነቱን ነገርኳቸው።

"ታዲያ እዚያ ስትደርስ ብዙ አታውራ" አሉኝ። "የደሴ ሰው አፉ ይቀድመዋል።"

ባልሰማኋቸው ኖሮ ይሻል ነበር፤ ሰምቼ ነው ያልሰማኋቸው።

ሐሙስ

ከሰቆጣ በኋላ ያለው ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ ስል የኖርኩት መንገድ ነው። የቃሉን ክፋት አሁን ነው ያወቅኩት። ኪሮስ የሞተበት ኩርባ ላይ ስንደርስ ሀብታሙን አስቆምኩት። "ሽንት ነው?" አለ። "አዎ" አልኩና ወረድኩ።

ምንም የለም። ጠርዙ በድንጋይ ተክቦ ሰፍቷል። ከታች ገደሉ ውስጥ የማሽላ ማሳ አለ፤ ነፋሱ ሲያልፍበት ሁሉም አንድ ጊዜ ያጎነብሳል፣ አንድ ጊዜ ቀና ይላል። አሥር ዓመት በእንቅልፍ እጦት ውስጥ ያየሁት ገደል ጥቁር ነበር፤ ይህ ብርሃን የሞላበት ነው። የተሳሳተ ቦታ የቆምኩ መሰለኝ። የሳትኩት ግን ቦታውን አልነበረም።

መምጫዬን በነጋዴው በኩል ልኬ ስለነበር አምደወርቅ ላይ ቄስ ገብረ ሥላሴ በቅሎ ይዘው ጠበቁኝ። የአባ ሞላ የነፍስ አባት፣ ወረቀቱን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ አጠር ያሉ፣ ሲሄዱ የሚፈጥኑ፣ ሲናገሩ የሚዘገዩ ሰው። ሀብታሙ "ሰኞ እመለሳለሁ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ" ብሎ ሄደ። እኛ ሦስት ሰዓት በእግር ተጓዝን። በቅሎዋ ላይ ውጣ ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ በመጨረሻ በቅሎዋ ባዶዋን፣ እኛ ሁለታችን እያለከለክን ሄድን።

"እሁድ አባ ሞላ መቁረብ አለባቸው" አሉኝ በመንገድ። "ሳሉ ጸንቶባቸዋል። የሚቀጥለውን እሁድ እንጃ። ነገ ከታረቃችሁ ይበቃናል።"

"እግዜር ያውቃል" አልኩ።

"ያውቃል" አሉ ቄሱ። ትንሽ ሄድ አሉና "ጳውሎስ በመርከብ ሲሄድ ማዕበል ተነሣ። መልአኩ መጥቶ 'ከእናንተ አንድ ነፍስ አይጠፋም' አለው። ያለቀ ነገር ነው፣ አይደለም? ኋላ ግን መርከበኞቹ በጀልባ ሹልክ ሊሉ ሲሉ 'እነዚህ ካልቆዩ አትድኑም' ብሎ ጮኸ። ምነው፣ መልአኩን ተጠራጠረ እንዴ?"

"እንጃ" አልኩ። ከፊታችን ያለው ተራራ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቶ ነበር፤ ማዕበል ነው ቢሉኝ አምን ነበር።

"እንጃ ማለትም ጥሩ ነው" አሉና ሳቁ።

ቤታቸው የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ከዚያ ነጭ ማር በጣባ ቀረበልኝ። ሚስታቸው እግሬን ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ። ደሴ ላይ አንድ ቀን እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀብዬ አውቃለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ፤ ለመልሱ ብዙ አላሰብኩም።

ዓርብ

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ ወይራ ሥር፣ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል። አባ ሞላ ከነሱ ራቅ ብለው ብቻቸውን ናቸው። ትንሽ ሰው ናቸው። አሥር ዓመት የፈራሁት ሰው ግዙፍ ነበር፤ እኚህ ጋቢያቸው ውስጥ የጠፉ፣ በሳሉ ቁጥር ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ ሽማግሌ ናቸው።

የአገሩ ደንብ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ መቅረብ ነው። ድንጋዩን ራሱ በዳዩ ይመርጣል፤ የሚያወርድለት ግን የተበደለው ሰው ብቻ ነው። ለወገቤ ሰግቼ መካከለኛ መረጥኩ። አንገቴ ላይ ጭኜ አጎንብሼ ቆምኩ፤ የምትታየኝ መሬቷ ብቻ ናት።

"ምን ሆነ? ተናገር" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

ሦስት ቀን በመንገድ ያጠናሁት ነበረኝ። በማኅበራችን ዝክር ላይ የምናገርበትን ድምፄን አወጣሁ። "አባቶቼ" አልኩ፣ "ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል። ያለ እሱ ፈቃድ ቅጠል ከዛፍ አይወድቅም። መንገዱ ተደረመሰ፤ የወንድማችን የኪሮስ ቀን ደርሶ ነበርና እግዚአብሔር ያለው ሆነ። አባ ሞላም ይህን ተቀብለው ይማሩኝ ዘንድ..."

"ዘንድ" ስል ነገሩ እንደተበላሸ ገባኝ።  ከዚያ የዱላ ድምፅ ሰማሁ፤ አባ ሞላ ተነሥተዋል።

"ቃሌን ወሰደብኝ" አሉ። አልተቆጡም፤ የጠፋበትን ዕቃ የሚፈልግ ሰው ድምፅ ነው። "እኔ ልለው የመጣሁትን እሱ አለው። ለኔ ምን ተረፈኝ?" ዱላቸውን እየተደገፉ፣ እየሳሉ፣ ወደ ቤታቸው ወረዱ።

ሽማግሌዎቹም ተነሡ። ትልቁ "ድንጋይህን ራስህ አውርደው" አሉኝ። ጌታ ምስክሬ ነው፣ ያን ያህል ከባድ ድንጋይ አልነበረም፤ ሳወርደው ግን ሰባበረኝ።

ቄሱ ቤት ስንደርስ ተቆጣሁ። ሲያፍር የሚቆጣ ሰው ነኝ፤ ታውቁኛላችሁ። "አባቴ፣ ምን ሐሰት ተናገርኩ? ያለ እሱ ፈቃድ ቅጠል ይወድቃል?" አልኳቸው።

"አይወድቅም" አሉ ቄስ ገብረ ሥላሴ።

"ታዲያ!"

"ዛፉን የነቀነቀውስ?"

"ፈርዖንንስ?" አልኩ ደግሞ። "ልቡን ያጸናበት እግዜር አይደለም?"

"ነው። ፈርዖንም ራሱ ልቡን አጸና ይላል። ሁለቱም ተጽፏል። አንተ አንዱን እያነበብክ ሌላውን በአውራ ጣትህ ሸፈንከው።" ከዚያ ማሩን ወደኔ ገፉና በዝግታ ቀጠሉ። "ዮሴፍን ወንድሞቹ ሸጡት። 'እናንተ ክፉ አሰባችሁ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አደረገው' ያለው ማነው?"

"ዮሴፍ።"

"የተሸጠው። የሸጡትስ ምን አሉ? 'በደልን' ነው ያሉት። እስቲ ገልብጠው። ወንድሞቹ ግብፅ ወርደው 'አይዞህ ዮሴፍ፣ እግዜር ነው በኛ እጅ የላከህ' ቢሉትስ?"

ሳላስበው "በጥፊ ነበር የሚላቸው" አልኩ።

"እዚህ አገር ቃል ለሁለት ይከፈላል፤ የቆየ ደንብ ነው። 'እኔ ነኝ' የበዳይ ነው። 'እግዜር ያለው ነው' የተበዳይ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ባለቤቱ ግን የተለያየ ነው። አባ ሞላ አሥር ዓመት ያቺን ቃል ለማለት ሲዘጋጁ ኖሩ። አንተ መጥተህ ከአፋቸው ነጠቅካቸው። ባዶ አፍ ምን ብሎ ይቅር ይበል?"

ጎኔን አሳረፍኩ እንጂ አልተኛሁም። ለካ አሥር ዓመት የለበስኩት ጋቢ የሰው ነበር።

ቅዳሜ

ቄሱ ጎህ ሳይቀድ አባ ሞላ ቤት ሄደው ለመኑልኝ። "አንዴ ብቻ" ብለዋል ሽማግሌው። "ዛሬ ካበላሸው ነገ አልቆርብም፤ እሱም ይሂድ፣ እኔም ቂሜን ይዤ ልሙት።" ይህን ቄሱ ናቸው የነገሩኝ። እሳቸውም ፈርተዋል።

ትልቁን ድንጋይ አነሣሁ። አንገቴ ላይ ሲያርፍ ጉልበቴ ታጠፈ፤ በርከክ ብዬ ቀረሁ። ወይራው ሥር ጥላና ብርሃን ይወዛወዝ ነበር፤ መሬቱ ራሱ የሚንቀሳቀስ ይመስላል።

"ምን ሆነ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"ተኝቼ ነበር" አልኩ።

የዝክር ድምፄ የት እንደገባ እንጃ፤ የወጣው የማላውቀው ድምፅ ነው። "ሁለት ቀን ሳልተኛ ነበር የምነዳው። መቆም እችል ነበር፤ አልቆምኩም። ጋቢና የተቀመጠው መጀመሪያ ኪሮስ ነበር። መንገድ ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት ስናገኝ 'እኔ ላይ እሆናለሁ' ብሎ ለቀቀላት። እሷም ሕፃኑም ተኙ። ኩርባው ላይ እኔም ተኛሁ።"  የቀረው ያ ለማንም ያልነገርኩት ነው። "ኪሮስ ከላይ ሆኖ የጋቢናውን ጣራ ደበደበ። በሕልሜ በር የሚያንኳኳ ሰው መሰለኝ። 'ማነው?' ልል ስል ነቃሁ፤ መሪውን መለስኩ። የፊቱ ጎማ ተረፈ፤ የኋላው የረገጠው ጠርዝ ተደረመሰ፤ ጭነቱ ኪሮስን ይዞ ሄደ። እሱ ባያንኳኳ ሁላችንም ገደል ነበርን። ለፖሊስም ለዳኛም አልተናገርኩም። ለቅሶ ያልመጣሁት ዓይንዎን ማየት ስላቃተኝ ነው። እኔ ነኝ፣ አባ። እኔ ነኝ።"

  ከዚያ የአባ ሞላ ድምፅ መጣ፤ ቀርበውኛል።

"ስንት ጊዜ አንኳኳ?"

"አራት ይመስለኛል።"

"በጡጫ ነው በመዳፍ?"

"በመዳፍ።"

"እሱ ነው" አሉ። "ማታ ከእርሻ ሲመጣም በመዳፉ ነበር በሩን የሚመታ። እናቱ 'ቤቱን አፈረስከው' ትለው ነበር።" ሳሉ፤ ረጅም ሳል። "ሕፃኑስ?"

"ተርፋለች።"

"ሴት ናት?"

"ሴት ናት።"

"አሥር ዓመት ሆኗታል ማለት ነው" አሉ ለራሳቸው። "ከብት ትጠብቃለች አሁን። ወይም ትማራለች።"

ከዚያ እጃቸው ድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። አቃታቸው። ሽማግሌዎቹ ሊያግዙ ሲነሡ "ተዉኝ!" አሉ፤ ያን ቀን የጮኹት ያኔ ብቻ ነው። ገፉት፣ ገፉት፣ ወደ ጎን ተንከባሎ ወደቀ። እኔ ቀና ለማለት አልቻልኩም፤ አንገቴ እንደጎበጠ ቀረ።

"ልጄ የሱን ድርሻ ሠራ" አሉ አባ ሞላ። "አንተ የአንተን ሳትሠራ ቀረህ። የቀረው የእግዚአብሔር ነው።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ቃሉን ሲሉት በዝግታ፣ ለብዙ ጊዜ የተቀመጠ ነገር ከሣጥን እንደሚያወጣ ሰው ነበር። "እግዚአብሔር ያለው ሆነ። ይቅር ብዬሃለሁ።"

እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ይህን ስጽፍ አላፍርም። ሰዎቹ ተቃቅፈው፣ ጸሎት ደርሶ፣ ዳቦ ሲቆረስ ግን እኔ አላየሁም። ወይራው ግንድ ላይ ተደግፌ ተኝቼ ነበር። ቄሱ "ተዉት" አሉ አሉኝ። አሥር ዓመት የቀረብኝ እንቅልፍ ሁሉ በአንድ ላይ መጣ፤ በሕልሜም ማንም አላንኳኳም።

እሁድ

ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕልና ስለ ሕንፃው ትጠብቁ ይሆናል፤ አልተመለከትኩትም። የተመለከትኩት አባ ሞላን ነው። ቄስ ገብረ ሥላሴ በአንድ ክንዳቸው፣ አንድ ዲያቆን በሌላው ደግፈዋቸው ቆረቡ። ሲወጡ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ቀስ ብለው፣ የሞላ ማድጋ እንዳይፈስ እንደሚይዝ ሰው ነበር አካሄዳቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ መናገር ስለማይገባቸው ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። በመዳፋቸው።

ከሰዓት በኋላ "አሁን ለቅሶህን ድረስ" አሉኝ። ቤታቸው ገባሁ፣ ቁርበት ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ዓመት ዘግይቼ የኪሮስን ለቅሶ ተቀመጥኩ። ጎረቤቱ ንፍሮ ይዞ መጣ፤ ከኔ ጋር እኩል ቁጭ አለ። እኛ አገር የዘገየ ሰው ምክንያቱን ይጠየቃል። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም፤ "እንኳን መጣህ" ብቻ ነው ያሉኝ። ያ የበላችሁት ማር አባ ሞላ ስነሣ ያሸከሙኝ ነው።

ሰኞ

ሀብታሙ ቃሉን ጠብቆ አምደወርቅ ላይ አገኘኝ። ጎማው ተሰፍቷል፣ ክሪኩ እንደዚያው ነው። ጋቢና ገባሁ። ፀሐዩ ሞቅ ያለ ነው፣ ተራራው ሁሉ ተመልሶ ሰማያዊ ሆኗል፤ እኔም በደስታና በድካም መሀል እየዋለልኩ ነበር።

ከሰቆጣ አልፈን የኮረምን መንገድ እንደያዝን የሀብታሙ አገጭ ወደ ደረቱ ወረደች፣ ቀና አለች፣ እንደገና ወረደች። በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም። ከፊቴ ያለውን ዳሽቦርድ በመዳፌ አራት ጊዜ መታሁት።

"ኧረ ፋዘር! ምን ሆኑ!"

"ቁም።"

"ደኅና ነኝ እኮ።"

"ቁም አልኩህ!"

ዳር ይዞ ቆመና ከት ብሎ ሳቀ፤ በጣቱ ከመስታወቱ በላይ ያለውን ጽሑፍ አሳየኝ። "ምን ያስፈራዎታል? ጠባቂያችን እኮ እሱ ነው፤ ይኸው ተጽፏል!"

"እሱ የሱን ይሠራል" አልኩት። "አንተ ውረድና ተኛ።"

እያጉረመረመ ወረደ፤ መኪናው ጥላ ሥር ጋቢውን አነጠፈ፤ ራሱን ሳያሳርፍ አንኮራፋ። እኔ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተራሮቹ እየራቁ እየቀረቡ ሲጫወቱ አየሁ። ያለፈ መኪና ሁሉ "ችግር አለ?" ብሎ ይጠይቀኛል፤ "የለም፣ ሹፌር ተኝቷል" እላለሁ።

ሲነሣ ፊቱን ታጠበና አየኝ። "ፋዘር፣ እርስዎስ አልተኙም?"

"እኔ የተኛሁት ይበቃኛል" አልኩት።